አልትራ320 ስካዚ እና ኤስቲኤም-1 ፋይበር፦ ሁለቱ ቁጥሮች እንዴት ይነጻጸራሉ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ የሰነድ ክፍል የሚሠሩ ባለሙያ፣ ከሐይቁ ገዳማት የብራና መጻሕፍት የተነሡ 2.4 ቴራባይት ምስሎችን የያዘ አሮጌ ሰርቨር አላቸው። ዲስኮቹ የተያያዙት አልትራ320 በሚባለው የስካዚ (ዲስክና መሰል መሣሪያዎችን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኝ) ኬብል ሲሆን፣ ባካፑ ደግሞ በኤልቲኦ-3 ቴፖች ላይ ተቀምጧል። መሥሪያ ቤታቸው በቅርቡ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የፋይበር መስመር ተከራይቷል፤ በውሉ ላይ የሰፈረው «ኤስቲኤም-1፣ 155» የሚል ነው፤ ኤስቲኤም-1 የቴሌኮም ፋይበር መስመሮች ከሚመደቡባቸው የፍጥነት ደረጃዎች አንዱ ነው። እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ኬብሉ 320 ነው፣ ፋይበሩ 155 ነው። ስለዚህ ፋይበሩ የአሮጌው ኬብል ግማሽ ያህል ፍጥነት አለው ማለት ነው? 2.4 ቴራባይቱን ለ155 ሳካፍለው አራት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይመጣልኛል፤ ዓርብ ማታ ጀምሬ እዚያው ማታ መጨረስ እችላለሁ? ካልሆነስ መስመሩ ወደ ኤስቲኤም-4 እንዲያድግ ልጠይቅ?»

ዓርብ ማታ አይጨርሱም። ሁሉም ነገር በደንብ ከተስተካከለ ሥራው 37 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ ቢጀምሩ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል። የመቀበያው ማሽን ወይም የእርስዎ ሰርቨር በአሮጌው ልማድ ከተዋቀረ ግን አምስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ፋይበሩም የኬብሉ ግማሽ አይደለም፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ኬብሉ ከተከራያችሁት መስመር 17 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የመስመር ማሳደጉን ጉዳይ ግን ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ከዚያ በፊት መታየት ያለበት በሰርቨሩ ውስጥ ነውና።

የልዩነቱ መነሻ ሁለቱ ቁጥሮች የተለኩት በተለያየ አሃድ ብቻ ሳይሆን በተለያየ ቦታም መሆኑ ነው። አሃዱ ቀላሉ ክፍል ነው፤ የስካዚ 320 ሜጋባይት በሰከንድ ሲሆን የኤስቲኤም-1 155 ደግሞ ሜጋቢት በሰከንድ ነው፣ አንድ ባይት ደግሞ ስምንት ቢት ነው። አልትራ320 ውሂብን የሚያስተላልፈው ጎን ለጎን በተዘረጉ 16 የውሂብ መንገዶች ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ባይት ይሄዳል። ክሎኩ 80 ሜጋኸርዝ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት መውጫና መውረጃ ላይ ስለሚያስተላልፍ በሰከንድ 160 ሚሊዮን ጊዜ ይልካል፤ በሁለት ባይት ሲባዛ 320 ሜጋባይት ይመጣል። ወደ ቢት ሲቀየር 2,560 ሜጋቢት በሰከንድ ይሆናል። የቴሌኮም ሰዎች ግን ከጥንት ጀምሮ የሚቆጥሩት አንድ በአንድ ተከታትሎ የሚሄደውን ቢት ስለሆነ፣ በውላቸው ላይ የሚጽፉት ቁጥር ሁልጊዜ በቢት ነው።

ሁለተኛው፣ ማለትም «የት ላይ ተለካ» የሚለው፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው ቢሆንም እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው እላለሁ። ኤስቲኤም-1 ላይ የተጻፈው 155 በትክክል 155.52 ሜጋቢት ነው፤ ይህ ቁጥር እንዴት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። ዛሬ አይቲዩ-ቲ የምንለው ዓለም አቀፍ የቴሌኮም ደረጃ አውጪ አካል ሲሲአይቲቲ ተብሎ ይጠራ በነበረበት በ1988 ያጸደቀው ኤስዲኤች፣ ማለትም ኤስቲኤም-1 የሚገኝበት የፋይበር መስመር ሥርዓት፣ ውሂቡን 9 ረድፍና 270 ዓምድ ባላቸው የባይት ሰንጠረዦች ይከፋፍለዋል። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ 2,430 ባይት ሲሆን በሰከንድ 8,000 ሰንጠረዥ ይላካል። 2,430 በ8 ቢት፣ እንደገና በ8,000 ሲባዛ 155,520,000 ይመጣል። 8,000 የሚለው ቁጥር የመጣው ከስልክ ነው፤ እስከ 4 ኪሎኸርዝ የሚደርሰውን የሰው ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየለኩ በ8 ቢት ሲጽፉት አንድ የስልክ ጥሪ 64 ኪሎቢት ይሆናል። እኛም አገር የምንጠቀምበት ኢ1 መስመር 32 እንዲህ ያሉ መንገዶችን ይዞ 2.048 ሜጋቢት ይሆናል፤ አንድ ኤስቲኤም-1 ደግሞ 63 ኢ1 ይሸከማል። ስለዚህ የተከራያችሁት መስመር መጀመሪያ የተነደፈው ለፋይል ሳይሆን ለድምፅ ነው፤ የቁጥሮቹም ቅርፅ ያንን ይመስላል።

ከ270ዎቹ ዓምዶች የመጀመሪያዎቹ 9 ለመስመሩ አስተዳደር የተያዙ ናቸው፤ ሰንጠረዡ የት እንደሚጀምር፣ ስሕተት መኖር አለመኖሩን፣ መስመሩ ሲቆረጥ ወደ መጠባበቂያው እንዲዞር የሚያዝዙ ባይቶች እዚያ ይቀመጣሉ። ከቀሪዎቹ 261 ዓምዶች ደግሞ አንዱ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመከታተል ይውላል። ለእርስዎ የሚቀረው 260 ዓምድ ነው፤ ይህም 149.76 ሜጋቢት በሰከንድ፣ በባይት ሲቆጠር 18.72 ሜጋባይት በሰከንድ ይሆናል። ስካዚው ላይ የተጻፈው 320 ትእዛዝ መለዋወጫውን ጊዜ ሳይቀንስ የተለካ ነው፤ ኤስዲኤች ላይ የተጻፈው 155.52 ደግሞ የአስተዳደሩን ባይቶች ሳይቀንስ የተለካ ነው። ሁለቱም በስም ላይ ያሉ ቁጥሮች ናቸው፤ ፋይልዎ የሚያያቸው አይደሉም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ስሌቱን በቃልዎ እንዲይዙት ይረዳዎታል። የኤስዲኤች ደረጃዎች እያንዳንዳቸው ከበታቻቸው አራት እጥፍ ናቸው፦ ኤስቲኤም-1፣ ኤስቲኤም-4፣ ኤስቲኤም-16። ጭነታቸው በባይት ሲቆጠር 18.72፣ 74.88 እና 299.52 ሜጋባይት በሰከንድ ይመጣል። ከስካዚ ቤተሰብ ደግሞ ፋስት ዋይድ 20፣ አልትራ2 ዋይድ 80፣ አልትራ320 320 ሜጋባይት ናቸው። ስለዚህ በሦስቱም ደረጃ የፋይበሩ ጭነት ከስካዚው ጓደኛው 93.6 በመቶ ይሆናል። የሰነድ ክፍላችሁ የተከራየው ኤስቲኤም-1 በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰርቨሮች ላይ ይሰካ ከነበረው ፋስት ዋይድ ስካዚ ጋር እኩል ነው ማለት ነው፤ አልትራ320ን በወረቀት ላይ የሚያክል መስመር ቢፈልጉ ኤስቲኤም-16 ያስፈልጋል። ይህን ስል ፋይበሩን ማሳነሴ አይደለም። አልትራ320 የሚሠራበት የኬብል ርዝመት ቢበዛ 12 ሜትር ነው፤ ፋይበሩ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መስታወቱ ራሱ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ቢቀየሩ ብዙ እጥፍ ይሸከም ነበር፤ 155 የተባለው የውሉ ልክ እንጂ የመስታወቱ ልክ አይደለም።

የአሜሪካ መሣሪያ መመሪያ የሚያነቡ ከሆነ ኦሲ-3፣ ኦሲ-12፣ ኦሲ-48 እና ኦሲ-192 የሚሉትን ያገኛሉ፤ ፍጥነታቸው በቅደም ተከተል ከኤስቲኤም-1፣ 4፣ 16 እና 64 ጋር አንድ ነው። ይልቅስ ቴክኒሽያኑን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ ጭነቱ የሚመጣው ባልተከፋፈለ አንድ ቪሲ-4 ነው ወይስ በ63 ቪሲ-12 ተሰብስቦ? (ቪሲ የሚባለው ኤስዲኤች ጭነቱን የሚያሽግበት መያዣ ነው።) በመጀመሪያው 149.76 ያገኛሉ። በሁለተኛው እያንዳንዱ ቪሲ-12 2.176 ሜጋቢት ስለሚይዝ ድምሩ 137.09 ሜጋቢት ብቻ ይሆናል። በውሉ ላይ ሁለቱም «155» ተብለው ሊጻፉ ስለሚችሉ፣ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጥዎ ያድርጉ።

ግድግዳው ላይ የተተከለው ሣጥን ለሰርቨራችሁ የሚሰጠው ግን የኢተርኔት ፖርት ነው። ፖርቱ ላይ ያለው መብራት 1,000 ሜጋቢት ብሎ ቢያሳይም እሱ የሚናገረው ከሣጥኑ እስከ ሰርቨሩ ስላለው አጭር ገመድ ብቻ ነው፤ ከሣጥኑ ወዲያ ያለው ያው 149.76 ነው። የኢተርኔቱ ፍሬም (የውሂብ ጥቅል) ወደ ኤስዲኤች ሰንጠረዥ ሲገባ ጂኤፍፒ በሚባለው የተለመደ የማሸጊያ አሠራር ስምንት ባይት መለያ ይጨመርበታል። አንድ ሙሉ ፍሬም ስንወስድ መስመሩ ላይ የሚያርፈው 1,526 ባይት ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ የኢተርኔት፣ የአይፒና የቲሲፒ (የኔትወርክ ማስተላለፊያ ደንቦች) ሄደሮች፣ ማለትም መለያ ባይቶች፣ ከነጊዜ ማኅተሙ ተቀንሰው ለምስልዎ የሚቀረው 1,448 ባይት ነው። 149.76 በዚህ ምጣኔ (1,448 ለ1,526 ተካፍሎ) ሲባዛ 142.1 ሜጋቢት፣ ማለትም 17.76 ሜጋባይት በሰከንድ ይመጣል። ይህ ነው ፋይልዎ የሚያየው ቁጥር። 2.4 ቴራባይት ለዚህ ሲካፈል ከላይ ያልኩት 37 ሰዓት ተኩል ይገኛል።

ነገር ግን «2.4 ቴራባይት» የሚለውን ከየት እንዳነበቡት ያረጋግጡ። ዲስክ አምራቾች ቴራባይትን የሚቆጥሩት በአሥር ብዜት ሲሆን አንዱ 1,000,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ ግን «ቲቢ» ብሎ የሚያሳየውን በሁለት ብዜት ስለሚቆጥረው፣ አንዱ ወደ 1,099,500,000,000 ባይት ይጠጋል። 2.4 ያነበቡት በዊንዶውስ የፎልደር መረጃ ላይ ከሆነ፣ እውነተኛው መጠን 2.64 ሚሊዮን ሚሊዮን ባይት ያህል ነው፤ ሥራው የሚያልቀውም እሑድ ረፋድ 5 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሆናል። በመጠኑ ላይ ያለው ልዩነት ወደ አሥር በመቶ ስለሚጠጋ አራት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ይጨምራል። የመስመር ፍጥነት ግን ሁልጊዜ በአሥር ብዜት ነው የሚቆጠረው፤ በቴሌኮም ውስጥ ሜጋ ማለት አንድ ሚሊዮን እንጂ 1,048,576 ሆኖ አያውቅም።

ሌሎች መገናኛዎችም ስላሉዎት ስለ እነሱ በአጭሩ ላንሣ። ሳታ በሚባለው የዲስክ መገናኛ ላይ የተጻፈው 1.5፣ 3 ወይም 6 ጊጋቢት እያንዳንዱን ስምንት ቢት አሥር ቢት የሚያደርገውን የመስመር ኮድ ጨምሮ የተለካ ስለሆነ፣ ወደ ባይት ሲቀየር የሚካፈለው ለ8 ሳይሆን ለ10 ነው፤ 150፣ 300 እና 600 ሜጋባይት ይመጣል። የማከማቻ መሣሪያዎችን የሚያገናኘው ፋይበር ቻናል የመጀመሪያው ትውልድም እንዲሁ 1.0625 ጊጋ ምልክት በሰከንድ እየላከ፣ በዚያው ኮድ ምክንያት የሚሰጠው 100 ሜጋባይት ገደማ ነው። ጊጋቢት ኢተርኔት በፋይበር ላይ ሲሄድ ያንኑ ኮድ ቢጠቀምም ስሙን የወሰደው ኮዱ ከወጣለት በኋላ ካለው ቁጥር ነው፤ መስታወቱ ላይ የሚሄደው 1.25 ነው፣ እኛ የምንለው ግን 1 ነው፤ ስለዚህ እሱ ለ8 ይካፈላል። ኤስዲኤች እንዲህ ያለ ኮድ ጨርሶ አይጠቀምም፤ ቢቶቹን ያዘበራርቃል እንጂ አይጨምርባቸውም። የድሮው አይዲኢ ዲስክ ላይ ያለው 33፣ 66፣ 100 ወይም 133 ደግሞ እንደ ስካዚ በቀጥታ ሜጋባይት ነው። ማንኛውንም ቁጥር «ለ8 አካፍል» ብሎ በአንድ ደንብ መጨረስ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ ቁጥሩ ከመስመር ኮዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የተለካ፣ ከአስተዳደር ባይቶቹ ጋር ነው ወይስ ያለ እነሱ የሚለው ለእያንዳንዱ በየራሱ መታወቅ አለበት።

አሁን ወደ ሰርቨሩ ልመለስ። 320 የሚለው የኬብሉ አቅም እንጂ የዲስኩ አይደለም። በዚያ ዘመን የነበሩት በደቂቃ 10,000 ጊዜ የሚሽከረከሩ ስካዚ ዲስኮች እያንዳንዳቸው በተከታታይ ሲያነቡ በተለመደው ከ60 እስከ 90 ሜጋባይት ይሰጣሉ፤ ከዲስኩ ውጫዊ ክብ ወደ ውስጠኛው ሲገቡ ይህም ይቀንሳል። ኬብሉ እስከ 15 ዲስክ ድረስ የሚጋሩት ስለሆነ 320ውን የሚሞሉት ብዙ ዲስኮች አብረው ሲያነቡ ብቻ ነው። ጣና የቱንም ያህል ቢሰፋ በዓባይ የሚወርደው ውሃ በሐይቁ መውጫ ባሉት የጨራጨራ መዝጊያዎች ልክ እንደሆነ ሁሉ፣ ከምስሎቹ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውም በመንገዱ ላይ ካሉት ሁሉ በጠበበው ልክ ነው፤ ዛሬ ባለው ሁኔታ የጠበበው ፋይበሩ ነው።

ይህ እንዲሆን ግን ሰርቨሩ ጤነኛ መሆን አለበት። ሰርቨሩን ሲያስነሡ፣ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ከመጀመሩ በፊት፣ የስካዚ ካርዱ በጥቁር ማያ ላይ የዲስኮቹን ዝርዝር ያወጣል፤ በየዲስኩ ትይዩ ካርዱና ዲስኩ የተስማሙበት ፍጥነት ይጻፋል። ማያው ቶሎ ስለሚያልፍ በስልክዎ ቪዲዮ ቢያነሡት ይሻላል። 320 ወይም 160 ካዩ ደኅና ነው። ሁሉም ዲስኮች 40 ላይ ከቆሙ ግን በዚያው ኬብል ላይ አሮጌ ዓይነት መሣሪያ ተሰክቷል ማለት ነው። የሰነድ ክፍሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ስካነር ነው፦ ከአልትራ2 በፊት የተሠራ ስካነር ከዲስኮቹ ጋር በአንድ ኬብል ሲሰካ፣ ኬብሉ በሙሉ ወደ አሮጌው የኤሌክትሪክ አሠራር ይወርድና ከ40 ሜጋባይት በላይ አይሄድም። መፍትሔው ስካነሩን ወደ ሌላ ካርድ ማዛወርና በኬብሉ ጫፍ ያለው ተርሚኔተር (መዝጊያ) ለኤልቪዲ፣ ማለትም ከአልትራ2 ጀምሮ ላለው አዲሱ የኤሌክትሪክ አሠራር፣ የተሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። እርግጥ ነው፣ 40ም ቢሆን ከ17.76 ይበልጣል፤ ስለዚህ ይህ ጉድለት ዛሬ አያግድዎትም፣ ቴፑን ሲነኩ ግን ያግድዎታል።

ከሁሉ በላይ እንዲጠነቀቁ የምፈልገው ቀጥሎ የምጽፈውን ነው፤ 37 ሰዓት ተኩሉን ወደ አምስት ቀን የሚያደርሰው እሱ ነውና። ብርሃን በመስታወት ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ አምስት ማይክሮሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 560 ኪሎ ሜትር ብንይዝ፣ ለመሄድ ብቻ 2.8፣ ደርሶ ለመመለስ 5.6 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚህ በታች ማንም መሐንዲስ ሊያወርደው አይችልም፤ የመሣሪያዎቹ መዘግየትና የመንገዱ ጥምዝምዝ ሲጨመር 12 ሚሊሰከንድ ቢሆን አይገርምም፤ ፒንግ በሚባለው የመዘግየት መለኪያ ትእዛዝ ለክተው የራስዎን ቁጥር ይያዙ። ቲሲፒ ደግሞ የተቀባዩን ማረጋገጫ ሳያገኝ ሊልክ የሚችለው መጠን ገደብ አለው፤ ይህ መጠን መስኮት ይባላል። የመጀመሪያው የቲሲፒ ንድፍ ለዚህ መጠን የመደበው ቦታ 16 ቢት ስለነበር ትልቁ መስኮት 65,535 ባይት ነው። በ12 ሚሊሰከንድ ውስጥ 65,535 ባይት ብቻ ከተላከ ፍጥነቱ 5.46 ሜጋባይት በሰከንድ ይሆናል፤ መስመሩ ሁለት ሦስተኛውን ጊዜ ባዶውን ይውላል። 2.4 ቴራባይቱ በዚህ ፍጥነት 122 ሰዓት ይፈጃል፤ ዓርብ ማታ የተጀመረው የሚያልቀው በሚቀጥለው ረቡዕ ማታ ነው።

ይህ ችግር በስካዚ ኬብሉ ላይ የማይታየው 12 ሜትር መንገድ ለመዘግየት ቦታ ስለሌለው ነው። ለዚህም ነው አንድን አሮጌ ሰርቨር ከአጭር ኬብል ወደ ረጅም ፋይበር ሲያሸጋግሩ ፍጥነትን መቀየር ብቻ የማይበቃው፤ ፍጥነቱን ርቀቱ በሚያመጣው መዘግየት ማባዛት ያስፈልጋል። 149.76 ሜጋቢት በ12 ሚሊሰከንድ ሲባዛ 225 ኪሎባይት ገደማ ይመጣል፤ መስመሩ ሳይቋረጥ እንዲሞላ በማንኛውም ቅጽበት ይህን ያህል ውሂብ በመንገድ ላይ መሆን አለበት። መስኮቱ ከ65,535 እንዲያልፍ የሚያደርገው ማሻሻያ በ1992 የወጣ ሲሆን፣ በዛሬዎቹ ሥርዓተ ክወናዎች ላይ ሳይነኩት ይሠራል። በእርስዎ ዘመን ሰርቨር ላይ ግን ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ወገኖች ካልተስማሙ ደግሞ አይሠራም። መክፈት ካልቻሉ ሥራውን ለአራት ወይም ለአምስት ጎን ለጎን ለሚሄዱ ዝውውሮች ይከፋፍሉት፤ እያንዳንዱ የራሱ መስኮት ስላለው ድምሩ መስመሩን ይሞላል። ፎልደሩን በዊንዶውስ የፋይል መጋራት በኩል ጎትቶ ከመጣል ግን ይቆጠቡ፤ አሮጌው የፋይል መጋራት ለእያንዳንዱ ቁራጭ መልስ እየጠበቀ ስለሚሄድ በረጅም መስመር ላይ ከዚህም ይብሳል። መስመሩ ሌሊት ቢቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥለው አርሲንክ የተባለው የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ይመቻል።

ቴፖቹን በቀጥታ ወደ ፋይበሩ ለማንበብ አስበው ከሆነ አይመከርም። ኤልቲኦ-3 ያለ ማመቅ 400 ጊጋባይት ይይዛል፣ የሚያነበውም በ80 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። ድራይቩ ፍጥነቱን በተወሰነ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ቢችልም እስከ 17.76 አይወርድም፤ ስለዚህ እየቆመ፣ ወደ ኋላ እየጠቀለለ፣ እንደገና እየተነሣ ይሄዳል። ይህ ቴፑንም የማንበቢያ ጭንቅላቱንም ይበላል፤ የብራና ምስሎች ባካፕ ላይ ይህን ማየት አልፈልግም። መጀመሪያ ወደ ዲስክ ገልብጠው ከዲስኩ ይላኩ። ስካነሩ ከቴፑ ጋር በአንድ ኬብል ላይ ካለም ኬብሉ በ40 ስለሚገደብ ድራይቩ ግማሹን ፍጥነት ብቻ ያገኛል፤ እዚህ ላይ ነው የስካነሩ ጉዳይ የሚጎዳዎት።

ሌላም አማራጭ እንዳለ በቁጥር ላሳይዎ። 2.4 ቴራባይት ማለት ስድስት ሙሉ ኤልቲኦ-3 ቴፕ ነው። አንዱ ቴፕ በሙሉ ፍጥነት ሲነበብ 83 ደቂቃ፣ ስድስቱ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃሉ። ቴፖቹ ሁለት ቅጂ ካላቸው አንዱን ቅጂ በጥንቃቄ አሽጎ ሰው አስይዞ አዲስ አበባ መላክና እዚያ ማንበብ፣ የመንገዱ ቀን ተጨምሮበት እንኳ ከ37 ሰዓት ተኩሉ ያጥራል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚጨመሩትን አዳዲስ ምስሎች በፋይበሩ ይልካሉ፤ ለዚያ ኤስቲኤም-1 ከበቂ በላይ ነው። ቅጂው አንድ ብቻ ከሆነ ግን ከክፍሉ እንዳይወጣ፤ በዚህ ጊዜ ዘግየት ያለው ፋይበር ይሻላል።

ኤስቲኤም-4 ይጠየቅ ወይ ለሚለው፣ በወረቀት ላይ መልሱ ያማልላል፦ ጭነቱ 599.04 ሜጋቢት፣ ሄደሮቹ ተቀንሰው 71 ሜጋባይት በሰከንድ ገደማ፣ ሥራው በ9 ሰዓት ከ23 ደቂቃ የሚያልቅ። ግን ይህ ቁጥር አንድ አሮጌ ዲስክ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ የጠበበው ቦታ ከፋይበሩ ወደ ሰርቨሩ ውስጥ ይዛወራል። የስካዚ ካርዱ የተሰካበትን ስሎት ይመልከቱ። በተራ ዴስክቶፕ ላይ የሚገኘው ባለ 32 ቢት፣ 33 ሜጋኸርዝ ፒሲአይ (የካርድ መሰኪያ ዓይነት) ከሆነ አቅሙ በሙሉ 133 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ ያንንም የተሰኩት ካርዶች ሁሉ ይጋሩታል። የኔትወርክ ካርዱም እዚያው ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ምስል ያንን መንገድ ሁለት ጊዜ ያልፍበታል፣ መጀመሪያ ከዲስክ ወደ ሜሞሪ፣ ቀጥሎ ከሜሞሪ ወደ ኔትወርክ፤ የሚተርፍዎትም ቢበዛ 66 ሜጋባይት፣ በተግባር ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። የኤስቲኤም-4 ኪራይ እየከፈሉ መስመሩን መሙላት አይችሉም። ስሎቱ ረዘም ያለው ባለ 64 ቢት፣ 66 ሜጋኸርዝ ከሆነ 533 ሜጋባይት ስላለው ከዚህ ሥጋት ነፃ ነዎት፤ ያኔም ቢሆን የቲሲፒ መስኮቱ ወደ 900 ኪሎባይት ማደግ አለበት። በእኔ ግምት ለአንድ ጊዜ ዝውውር ተብሎ መስመሩ ማደግ የለበትም፤ ገንዘቡ ለምስሎቹ ማስቀመጫ የሚሆኑ አዳዲስ ሳታ ዲስኮች ቢገዙበት ይሻላል፤ አሮጌዎቹ ስካዚ ዲስኮች ሲሞቱ ምትክ የሚገኝላቸው አይደሉምና።

ከመጀመርዎ በፊት የእያንዳንዱን ምስል ቼክሰም (ፋይሉ ሳይለወጥ መድረሱን የሚያሳይ ቁጥር) በሰርቨሩ ላይ አስልተው በፋይል ያስቀምጡ፤ አዲስ አበባ ሲደርሱም እዚያው እንደገና ተሰልቶ ይመሳከር። 2.4 ቴራባይት ላይ ይህ ራሱ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ንባብ ስለሆነ፣ ከዓርቡ በፊት ባለው ረቡዕ ወይም ሐሙስ ሌሊት ቢያስኬዱት ይመረጣል። ቼክሰሞቹ አንድ በአንድ እስኪመሳከሩ ድረስ ከባሕር ዳሩ ሰርቨር ምንም አይሰርዙ።